በዕውቀት የተሰጠ ፈቃድ፦ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባትን ለወላጆችና ለልጃገረዶች ለማስረዳት የተዘጋጀ መመሪያ

በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናን የበቆሎ ማሳ እስከ ደጋ ዳሞትና እስከ ሰከላ ከፍታ ባለው አገር፣ ሴት ልጁን ከወባና ከኩፍኝ ለመጠበቅ የማይተጋ ወላጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ያችው ልጅ አድጋ፣ ትዳር ይዛ፣ የልጆች እናት ከሆነች በኋላ፣ ቤቷ ከምንጊዜውም ይልቅ በሚፈልጋት ዕድሜ ሊያገኛት የሚችለውን የማኅፀን በር ካንሰር ገና በልጅነቷ በአንድ መርፌ መከላከል እንደሚቻል፣ መርፌውም በመንግሥት የጤና ተቋም ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ የሚገልጸው ትምህርት ወደ እያንዳንዱ ቤት በሚገባ ሊደርስ ያስፈልገዋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ይህን ትምህርት ለማድረስ ለሚሹ ሁሉ፣ ይኸውም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ለመምህራን፣ ለንስሐ አባቶች፣ ለዕድር ሹማምንትና ጎረቤታቸውን ለመምከር ለሚነሡ እናቶች ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ልትሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። መርፌው የሚፈጀው ቅጽበት ነው፤ ፈቃዱ ግን ጊዜን፣ ትዕግሥትንና አክብሮትን ይጠይቃል። ወላጆቿ ሳያውቁ የተከተበች ወይም እያለቀሰች በግድ የተወጋች አንዲት ልጅ በመንደሩ የምታሳድረው ጥርጣሬ በሚቀጥለው ዓመት የብዙ ልጆችን ደጅ ይዘጋል፤ ተረድታና ፈቅዳ የተከተበች ልጅ ግን ለታናሽ እኅቷና ለጓደኞቿ ሁሉ ምስክር ትሆናለች። እንግዲህ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች ሁሉ የሚያገለግሉት በዕውቀት ላይ የተመሠረተ ፈቃድን ለማግኘት ነው።

አንደኛ፦ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ተማሩ

ሌላውን ለማስተማር የሚነሣ ሰው ሲጠየቅ እንዳያፍርና ያልሆነውን ሆነ ብሎ እንዳይመልስ የነገሩን ሥር ማወቅ ይገባዋል። የማኅፀን በር ካንሰር፣ ሌሎች ካንሰሮች ብዙ ጊዜ እንደሚመጡት መነሻው ሳይታወቅ የሚመጣ ደዌ አይደለም፤ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚነሣው ሂውማን ፓፒሎማ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ ነው። ይህንንም ግንኙነት በምርምር የገለጸው ጀርመናዊው ሊቅ ሃራልድ ዙር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በሩካቤ ሥጋ ሲሆን፣ እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ ትዳር የያዘ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ኃይል ያስወግደዋል፤ በአንዳንድ ሴቶች ግን ሳይወገድ ተሰውሮ ይቆይና ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ከቫይረሱ ዓይነቶች መካከል 16ኛውና 18ኛው ብቻ ከማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ፤ ክትባቱም በተለይ የሚከላከለው እነዚህን ሁለቱን ነው።

የበሽታውን ክብደት ለመረዳት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 660 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ ካንሰር እንደ ተያዙና 350 ሺህ ያህሉ እንደ ሞቱ፣ በአገራችንም ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው ይኸው ካንሰር እንደ ሆነ ማወቅ ይበቃል። ወደ ከፋ ደረጃ የደረሰውን ካንሰር ለማከም የሚያስፈልገው የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ይገኝ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በሬ ሸጦ፣ ወረፋ ጠብቆ ለመታከም የሚደርስበትን መከራ ያየ ቤተሰብ በጤና ኬላ ደጅ የሚሰጠውን መርፌ ዋጋ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ስለ ክትባቱም ይህን ዕወቁ። በውስጡ ሕያው ቫይረስ የለበትም፤ የቫይረሱን የውጭ ሽፋን የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ስላለበት በሽታውን ሊያመጣ ከቶ አይችልም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ከአፍሪካ አገሮች ሩዋንዳ ቀዳሚ ሆና እ.ኤ.አ. በ2011 በአገር አቀፍ ደረጃ መስጠት ጀመረች። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. በተጀመረ ጊዜ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ በኋላ ግን አንድ ጊዜ መስጠቱ በቂ መሆኑ በምርምር በመረጋገጡና የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን በመቀበሉ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን በአንድ መርፌ ለመከተብ ዘመቻ ተከፈተ። በጎረቤታችን በኬንያ የተደረገው ጥናት አንድ መርፌ ብቻ የወሰዱ ወጣት ሴቶች ከእነዚህ ከሁለቱ የቫይረስ ዓይነቶች 97 በመቶ ያህል እንደ ተጠበቁ አሳይቷል። በስኮትላንድም በ12 እና በ13 ዓመታቸው ክትባታቸውን ከፈጸሙት ሴቶች መካከል አንዲት እንኳ በዚህ ካንሰር እንዳልተያዘች እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል።

ሁለተኛ፦ ቀኑንና ዕድሜውን አረጋግጡ፣ መዝገቡንም አሟሉ

ክትባቱ በየዓመቱ የሚሰጥበትን ወቅትና የሚመለከተውን የዕድሜ ክልል በወሬ አትያዙ፤ ወደ ቀበሌያችሁ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያው ሄዳችሁ ጠይቁ። ከዚያ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተቀምጣችሁ የልጃገረዶቹን ስምና ዕድሜ በመዝገብ አስፍሩ። በገጠር የልደት ቀን ሁልጊዜ በጽሑፍ ስለማይገኝ እናትየዋን የልጂቱን የክርስትና ቀን፣ ወይም በዚያ ዓመት የሆነ የታወቀ ነገርን እያነሣችሁ ብትጠይቁ ዕድሜው ይገኛል።

በዚህ እርምጃ እጅግ ልትጠነቀቁበት የሚገባው ነገር ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉት ልጆች ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ከረሙ፣ የክፍል መዝገብን ብቻ የሚከተል ሰው ከብት የምትጠብቀውን፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግለውን፣ ከመንደሯ ተፈናቅላ ከዘመድ የተጠጋችውንና ያለ ዕድሜዋ የተዳረችውን ልጅ ሁሉ ይስታል። ትምህርት ያቋረጠችው ልጅ ከተማሪዋ ይልቅ ቶሎ የምትዳር እንደ መሆኗ ክትባቱ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ለእርሷ ነው። ስለዚህ ከመዝገቡ ቀጥሎ ሁለተኛ ዝርዝር አዘጋጁ፤ በየጎጡ ያሉትን እናቶችና የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች ጠይቃችሁ ሙሉት፤ እነዚህም ልጆች በጤና ኬላው እንዲከተቡ ቀን አስቈርጡላቸው። መንገዱ ሰላም በማይሆንበት ቀን ማንንም ልጅ ለክትባት ብላችሁ አታስኪዱ፤ አንድ ሳምንት ዘግይቶ መከተብ ጉዳት የለውም።

ሦስተኛ፦ ለወላጆች የሚስማማውን ጊዜና ስፍራ ምረጡ

የ2017 ዓ.ም. ዘመቻ የተካሄደበት የኅዳር ወር በአገራችን የአጨዳ ወቅት ነው፤ ጤፉ የሚታጨድበት፣ በቆሎው የሚሰበሰብበት፣ ወላጅም ልጅም ከማሳ የማይለይበት ጊዜ በመሆኑ፣ በሥራ ቀን በጠዋት የተጠራ ስብሰባ ባዶ ቢሆን ወላጆችን ቸልተኞች ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ገበሬው ማጭዱን በሚያስቀምጥበት ዕለት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይም እንደ ኅዳር 12 ሚካኤልና እንደ ኅዳር 21 ጽዮን ባሉት በዓላት በደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ከካህናቱ ጋር አስቀድሞ በመነጋገር ሕዝቡን ማግኘት ይቻላል። ሰንበቴና ማኅበር፣ የዕድር ስብሰባና የቡና ሰዓትም እንደዚሁ የተዘጋጁ ጉባኤያት ናቸው።

አባቶችን አትርሱ። ትምህርቱ ለእናቶች ብቻ ሲነገር፣ እናትየዋ አምናበት ሳለ አባትየው ባለማወቁ ምክንያት በመጨረሻው ሰዓት ልጂቱን ከደጅ የሚመልስበት ጊዜ ይኖራል። ከካህናትም ጋር ስትነጋገሩ፣ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለመድኃኒትን ማክበር እንደሚገባና ፈውስን የሚሰጠው እግዚአብሔር እንደ ሆነ እንደሚያስተምር እነርሱ ከእናንተ ይልቅ ያውቁታልና፣ የንስሐ አባት ለንስሐ ልጆቹ የሚናገራት አንዲት ቃል ከብዙ በራሪ ወረቀት እንደምትበልጥ በትሕትና አስረዷቸው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ከተሞች ለሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦችም በመስጊዱ ኢማም በኩል እንደዚሁ ማድረግ ይገባል።

አራተኛ፦ ንግግራችሁን አሳጥሩ፣ ጥያቄውን ግን እስከ መጨረሻው ስሙ

በስብሰባው የምትናገሩት ከሩብ ሰዓት አይብለጥ፤ የቀረውን ጊዜ ለጠያቂ ስጡ። የሚጠይቅ ወላጅ ልጁን የሚወድ ወላጅ እንጂ ጠላት አይደለም፤ ስለዚህ ጥርጣሬውን አትሳቁበት፣ ኋላ ቀር ብላችሁም አታሳፍሩት። ብዙ ጊዜ የሚነሡት ጥያቄዎችና መልሳቸው የሚከተሉት ናቸው።

«ልጃችንን መካን ያደርጋታል ይባላል» ለሚል፦ ይህ ጭንቀት ከሁሉ የከበደ ነውና በጥሞና መልሱለት። በክትባቱ ውስጥ የወሊድ መከላከያም ሆነ ማኅፀንን የሚነካ ሆርሞን የለም። ክትባቱ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ለብዙ ሚሊዮን ልጃገረዶች ተሰጥቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት ኮሚቴም ነገሩን መርምሮ ከመካንነት ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ አላገኘም። እንዲያውም መውለድን የሚከለክለው ካንሰሩ ነው፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ማኅፀንን እስከ ማውጣት ያደርሳልና።

«ልጄ ጨዋ ናት፣ ይህ መርፌ ለምኗ ነው?» ለሚል፦ ክትባቱ የልጂቱን ጠባይ አይመረምርም፣ ንጽሕናዋንም አይጠራጠርም። በሥርዓት ተድራ በትዳሯ የጸናች ሴት ባሏ ከጋብቻ በፊት ያገኘውን ቫይረስ ሳያውቅ ሊያመጣባት ይችላል፤ እርሱም ምልክት ስለማያይ አያውቀውም። በክልላችን ያለ ዕድሜ ጋብቻ ገና ያልጠፋ በመሆኑም፣ ዕድሜዋ 18 ሳይሞላ ልጅን መዳር በሕግ የተከለከለ መሆኑን እግረ መንገዳችሁን አስታውሱ።

«ገና ሕፃን ናት፣ ስታድግ አይሻልም?» ለሚል፦ ክትባቱ የሚከላከል እንጂ የገባውን የሚያስወጣ ስላልሆነ ጠቃሚነቱ ቫይረሱ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ከደረሰ በኋላ መሮጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። የልጅነት ሰውነትም ለክትባቱ የሚያፈራው የመከላከል ኃይል ከአዋቂው ይበልጣል።

«ለምን ለሴቶች ብቻ?» ለሚል፦ ይህ ካንሰር የሚይዘው የማኅፀንን በር ስለ ሆነ፣ ባለው የክትባት መጠን ብዙ ሕይወት የሚድነው ሴቶች ልጆች ሲቀደሙ ነው። በሌሎች አገሮች ወንዶችም ይከተባሉ፤ በአንድ አገር ብዙ ሴቶች ሲከተቡም ቫይረሱ ስለሚቀንስ ወንዶቹ ከጥቅሙ ይካፈላሉ።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚል፦ አረጋውያን ፈንጣጣን ያስታውሳሉ፤ ስንቱን ቀብሮ ስንቱን ዕውር አድርጎ የነበረው ያ መቅሠፍት ከኢትዮጵያ የጠፋው ክትባት በየገደሉና በየበረሃው በእግር ተወስዶ ከተሰጠ በኋላ በ1968 ዓ.ም. መሆኑን፣ በዚያም ሥራ የደከሙት አብዛኞቹ የገዛ ልጆቻችን እንደ ነበሩ ንገሯቸው።

የማታውቁትን ጥያቄ በግምት አትመልሱ፤ «ጠይቄ እመለሳለሁ» በሉ፣ ተመለሱም።

አምስተኛ፦ ልጂቱን ራሷን አነጋግሩ

የወላጅ ፈቃድ አስፈላጊ ቢሆንም የልጂቱን ልብ አይተካም። ከቀኑ በፊት፣ ከተቻለ በሴት መምህር ወይም በሴት የጤና ባለሙያ አፍ፣ በዕድሜዋ ልክ ተናገሯት፦ «እኅቴ፣ ይህ መርፌ ስታድጊ ሊመጣ ከሚችል ክፉ በሽታ ይጠብቅሻል። የምትወጊው ክንድሽ ላይ ነው፤ ጥቂት ያምሻል፣ ከዚያ ይለቅሻል። የምትፈሪው ነገር ካለ ንገሪኝ።» በዚህ ዕድሜ ላይ ላለች ልጅ ስለ ሩካቤ በዝርዝር መናገር አያስፈልግም፤ በዕድሜ ከፍ ያለችው ብትጠይቅ ግን በጨዋ ቃል እውነቱን መንገር ይገባል።

ስድስተኛ፦ እምቢታን አክብሩ

ክትባቱ የሚሰጠው በፈቃድ ነው። እምቢ ያለችን ልጅ ከክፍል ማስወጣት፣ ውጤቷን መያዝ፣ በሰልፍ ላይ ስሟን መጥራት፣ ወላጇን በዕርዳታ እህል ማስፈራራት ፈጽሞ የማይገባ ሥራ ነው፤ ማስፈራራት ክትባቱን አስጠልቶ ወሬውን ያጸናዋልና። የእምቢታውን ምክንያት በጽሞና ጠይቁ፤ ጥርጣሬ ከሆነ የሚያከብረውን ካህን ወይም ልጇን ያስከተበች ጎረቤት ላኩለት፤ ልጂቱ ጠበል ላይ ከሆነች ጠበሏን እስክትጨርስ ታገሡ፤ በመዝገቡም ስሟን ሳትሰርዙ «ወደ ፊት» ብላችሁ ጻፉ። ዛሬ እምቢ ያለ ወላጅ በክብር ከተሸኘ ነገ ሊመለስ ይችላል።

ሰባተኛ፦ የክትባቱን ዕለት አዘጋጁ

ልጃገረዶች በመርፌ ጊዜ የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ ከፍርሃትና ከባዶ ሆድ የተነሣ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ፣ እስከ ቀትር የሚጾሙ ልጆች ካሉ ክትባቱን ከጾሙ መግቢያ በፊት፣ ይህ ካልሆነም የጾም ምግባቸውን ከበሉ በኋላ ከሰዓት ላይ አድርጉት። እጅጌው የሚሰበሰብ ልብስ ለብሰው እንዲመጡ ንገሯቸው። የሚከተቡበትን ክፍል በመጋረጃ ወይም በነጠላ ከልሉ፤ አንዲቱ ስትወጋ ሌሎቹ ተሰልፈው እያዩ ከሆነ የአንዷ ጩኸት ሁሉንም ያሸብራልና።

ባለሙያው ከመውጋቱ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፦ ከዚህ ቀደም በክትባት ምክንያት ብርቱ አለርጂ ደርሶባት ያውቃልን? ዛሬ ኃይለኛ ትኩሳት አላትን? ያገባች ከሆነች ምናልባት ነፍሰ ጡር ትሆንን? ብርቱ አለርጂ የነበረባት ልጅ ለሐኪም ትታይ፤ ትኩሳት ያላት እስክትድን፣ ነፍሰ ጡሯም እስክትወልድ ይቆይላት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ እንዳለበት፣ በረዶ የነካውም መጣል እንደሚገባው ባለሙያው ያውቀዋል፤ ዕቃውን ከጤና ጣቢያ የምታመላልሱ ግን ሣጥኑን ፀሐይ ላይ አታኑሩ። ልጂቱ ከተወጋች በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጣ ትቈይ፤ ራሷን የሚያዞራት ካለች በጀርባዋ አስተኝታችሁ እግሯን ከፍ አድርጉላት።

ስምንተኛ፦ ከክትባቱ በኋላ ያለውን ሥራ አትተዉ

የተወጋው ክንድ መታመሙ፣ ማበጡ ወይም መቅላቱ፣ ጥቂት ትኩሳትና ራስ ምታት የተለመዱ ናቸው፤ በአንድና በሁለት ቀን ይለቃሉ። ይህን አስቀድማችሁ ለወላጅ ካልነገራችሁ፣ ማታ ያተኰሳት ልጅ በማግስቱ የመንደሩ ወሬ ትሆናለች። ትኩሳቱ ከጸና፣ ወይም የመተንፈስ ችግር ወይም የፊት እብጠት ከታየ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የደረሰውንም ነገር ሳትሸሽጉ ለባለሙያው አስመዝግቡ። በማግስቱ የልጆቹን ቤት ዞራችሁ «እንዴት አደረች?» ብትሉ፣ ያ ጥያቄ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው።

የክትባት ካርዷን እናት ከክርስትና ወረቀቷ ጋር እንድታኖርላት አሳስቡ። ከኤችአይቪ ጋር የምትኖር ልጅ ከአንድ በላይ መርፌ ስለሚያስፈልጋት ሕክምናዋን የሚከታተለው ባለሙያ ይወስንላት፤ ምስጢሯንም ማንም አይንካ።

በመጨረሻም ወደ እናቲቱ ተመለሱ። ልጇን ያስከተበች እናት ራሷ ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 ከሆነ፣ ከኤችአይቪ ጋር የምትኖር ከሆነችም ከ25 ጀምሮ፣ የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ማድረግ ይገባታል፤ ቁስሉ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ከተገኘ በቀላሉ ይታከማልና። የተከተበችውም ልጅ ካደገች በኋላ ምርመራው አይቀርባትም፤ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረስ ዓይነት አይሸፍንምና።

የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጣው ዕቅድ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከመቶ ልጃገረዶች 90ዎቹ 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ ሁሉም አገሮች ተስማምተዋል። ይህ ቍጥር በጄኔቭ ተጻፈ እንጂ የሚፈጸመው በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በየቀበሌው ነው። እንግዲህ መምህራን፣ ካህናት፣ የጤና ባለሙያዎች፣ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ የሚመጣው የክትባት ወቅት ከመድረሱ አንድ ወር አስቀድማችሁ ወደ ጤና ኬላው ሂዱ፣ ቀኑን ጠይቁ፣ ከዚያም ከገዛ ጎረቤታችሁ ጀምሩ፤ ስሙ፣ አስረዱ፣ ታገሡ፤ ፈቃዱን ስታገኙም ልጂቱን ራሳችሁ ይዛችሁ አድርሷት።